የት ታድራለች? የአንዲት ሚኒባስ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገዛኋት። ዶልፊን ናት፤ በናፍጣ የምትሄድ፣ ሞተሯ ሰዉ "ፋይቭ ኤል" የሚለው ባለ 3 ሊትሩ። ለገጣፎ ውስጥ ለዓመታት የተማሪ ሰርቪስ ስትሠራ ኖራ፣ ባለቤቱ ትልቅ መኪና ሲገዛ ደጅ ላይ ቆማ የቀረች ናት። ዋጋዋን አልጽፍም፤ እህቴ ይህን ታነበዋለች። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀና የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ግን አሮጌ መኪና የሚሸጥ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው የሚያወራው።

ሥራዬን ለማያውቅ፦ መኪና ጠጋኝ ነኝ። ይህን ስል ሰዉ ኮፈን ከፍቶ ይጠብቀኛል። የኔ መኪና የልብስ ስፌት መኪና ነው። አንድ ሳምንት ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፤ በሌላው ሱሉልታና ጫንጮ፤ አንዳንዴ ሆለታ። ልብስ ሰፊ መኪናውን ተሸክሞ አዲስ አበባ ሊመጣልኝ አይችልም፤ እኔ እሄድለታለሁ። ባለፈው ነሐሴ ስቆጥር 17 ሌሊት ፔንሲዮን አድሬያለሁ። የለገጣፎዋ ክፍል ኪራይ ግን ሠላሳውንም ሌሊት ቆጥራለች። በዚያ ላይ አከራዬ እትዬ ጭማሪ እንዳለ በጨዋ ደንብ፣ ቡና አፍልተው ነገሩኝ። ቡናው ጥሩ ነበር።

እቅዱ፦ ሚኒባሷን ቤቴ ማድረግ፤ እስከ ኅዳር አጋማሽ አልጋ፣ የሥራ ጠረጴዛ፣ መብራት። ክፍሏን ኅዳር 30 እለቃለሁ። እህቴ "ቤት የቸገረው ሰው ጎማ ይገዛል?" ብላኛለች። ጊዜ ይመልስላታል ወይ ለእኔ።

ጥቅምት 12

ወንበር መንቀል። በባለ 14 ቁልፍ የሚፈቱ ብሎኖች ናቸው፤ "የሚፈቱ" ማለት በፋብሪካ ቀን ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ናፍጣ አጠጥቻቸው አደሩ፤ ከ16ቱ 5ቱ በወግ ተፈቱ፤ የቀሩትን ግራይንደር በላቸው። ከጋቢናው ቀጥሎ ያለውን አንድ ረድፍ ተውኩት። ሊብሬው ላይ የሰው መጫኛ ተብላ ስለተመዘገበች ወንበር ጭራሽ የሌላት ሚኒባስ ይዤ ትራፊክ ፊት መቆም አልፈለግኩም። የሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ፣ "ውስጧ ሰው ያድርባታል" የሚል መደብ ቅጹ ላይ የለም ተባልኩ። ሰውየው ግን ደስ ብሎት ነው የነገረኝ፤ አዲስ ጥያቄ የሰማ መሰለኝ።

የወለሉ ጎማ ሲነሣ ሦስት የእርሳስ መቅረጫ፣ አንድ ጎን የልጅ ካልሲ፣ ቁጥር ስፍር የሌለው አዝራር። አዝራሮቹን ለቅሜ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩ፤ ለሥራ ይሆናሉ። በግራ በኩል የግድግዳው ልባስ ላይ አንዱ በሚስማር "7×8=54" ብሎ ቀርጿል፤ ሌላ እጅ 54ቱን ሰርዞ 56 ብሎታል። ያንን ልባስ አልጥለውም።

ከጎማው ሥር ያየሁት ግን ደስ አይልም። በተንሸራታቹ በር መርገጫ ላይና ከኋላ ግራ ጎማ በላይ ላሜራው በዝገት አልቋል። እጄ ገብቶ መሬት ያያል።

ጥቅምት 15

ካራ ላይ ያለው በያጅ አይቶ "ከላዩ አለብስልሃለሁ፣ ግማሽ ቀን" አለኝ። እኔም አሮጌ ብረት ስጠግን ነው የኖርኩት፤ በዝገት ላይ የተለበጠ ላሜራ ዝገቱን ደብቆ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም። ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ቆርጠን ጣልን። ግማሽ ቀኑ ሁለት ቀን ሆነ። ከመበየዱ በፊት የባትሪውን ገመድ መፍታት አይረሳ፤ አለበለዚያ ዲናሞው ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ሊቃጠሉ ይችላሉ። ከዚያ አንቲረስት ሁለት ጊዜ፣ ከላይም ከሥርም።

ጥቅምት 23

ልኬት። ከጋቢናው ጀርባ እስከ ኋላ በር 2 ሜትር ከ75። ስፋቷ 1 ሜትር ከ50። ከፍታዋ 1 ሜትር ከ30፤ ማለትም እዚህ ቤት ውስጥ ቆሜ ሱሪ አልታጠቅም። ቁመቴ 1 ሜትር ከ78 ስለሆነ አልጋው በአግድም አይገባም፤ በርዝመቷ በግራ በኩል 65 ሳንቲ ሰጠሁት። በቀኝ ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛ።

አናጺው ኤምዲኤፍ ካልሆነ ብሎ ሞገተኝ። 18 ሚሊው ሉህ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ እርጥበት ሲነካው ደግሞ እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል። 9 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ከዚያ ግማሽ አይደርስም። አጽሙን በ25 በ25 ቱቦላሬ አስበየድኩ።

ኅዳር 3

ግድግዳና ጣሪያው በነጭ ፎም ተለበጠ፤ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ዓይነት፣ በሉህ የሚሸጠው። ለጥፌ ከላዩ ኮምፔንሳቶ መታሁበት። በጣም አማረ። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት፤ "ፍሪጅ መሰለ" አለች። (ታኅሣሥ ላይ ተመልሼ ስጽፍ፦ ትክክል ነበረች።)

ኅዳር 12

የመጀመሪያው አዳር፣ ሰንዳፋ። ቀኑን ሳላስብበት ኅዳር ሚካኤል ገጠመኝ፤ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን። በ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጊዜ ተጀመረ የሚባለው ቆሻሻ የማቃጠል ልማድ እዚህ አልተረሳም። ከየደጁ ጭሱ ተነሥቶ መንደሩን ሸፈነው። በሮቹን ዘግቼ ቁጭ ስል ጭሱ ገባ፤ ያኔ ነገሩ ገባኝ። ባትሪ አብርቼ ጭሱ በየት በኩል እንደሚፈስ አየሁ፦ የተንሸራታቹ በር የታች ጥግ፣ የኋላው በር የላይኛው ጎማ፣ አንድ ደግሞ ያልጠረጠርኩት፣ የኋላ መብራት ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ። በሦስቱም ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። ጋራዥ ከፍዬ ይህን ያህል አይነግሩኝም ነበር።

ከጭነት መኪኖቹ ማደሪያ ጀርባ ነበር የቆምኩት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን በዱላ ተንኳኳ። ዘበኛው ናቸው። "ማነህ?" ነገርኳቸው። "መኪና ውስጥ ሰው አይተኛም" አሉኝ። "ሹፌሮቹስ አባባ?" "እነሱ ጭነት ይጠብቃሉ። አንተ ምን ትጠብቃለህ?" መልስ አልነበረኝም። ውጣና ሂድ ሲሉኝ በር ከፍቼ፣ በጨለማ ዞሬ፣ ጋቢና ገባሁ። የጅብ ድምፅ ከወንዙ በኩል ይሰማል። ያቺ ከጎን በር እስከ ጋቢና ያለች አራት እርምጃ ስትረዝም!

ኅዳር 14

እቅዱ ተቀየረ። ሳይወጡ ከአልጋ ወደ መሪው መድረስ ግድ ነው። ያ የተውኩት ወንበር ረድፍ መንገዱን ዘግቷል። ሁለት ሰው የሚያስቀምጠውን ግማሽ ቆርጬ አወጣሁ፤ አንዱ ቀረ። አሁን በእንብርክኬ ሞተሩ ሽፋን ላይ አልፌ ሹፌር ወንበር ላይ እወጣለሁ። ቁልፍ መሪው ሥር በክር ታስሮ ያድራል። ሁለተኛ፦ መብራት ወደ ውጭ መውጣት የለበትም። ውስጧ የሚያበራ ሚኒባስ በጨለማ ሜዳ ላይ ከሩቅ ይጠራል።

የሚገርመኝ ነገር፣ አንድ ወር ሙሉ አልጋው በየት በኩል ይሁን እያልኩ ስሠራ መኪናዋ የት እንደምታድር አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ከአሁን በኋላ መጀመሪያ እሱን ነው የምጠይቀው።

ኅዳር 30

ክፍሏን ለቀቅኩ። እትዬ መረቁኝ፤ ድስትም ሰጡኝ።

ታኅሣሥ 8

ጫንጮ። ሜዳው ጠዋት ነጭ ሆኖ ነው ያገኘሁት፣ ውርጭ። ስነቃ ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። ጣሪያው ላብ በላብ። መስኮቱማ ይፈስሳል።

ዋናው ጥፋት ግን መሳቢያው ውስጥ ነው። አዲሶቹ የቦቢን ቤቶች (የስፌት መኪናው የታችኛው ክር የሚቀመጥባቸው) ላይ ቡናማ ነጠብጣብ። መርፌዎቹ በዘይት ወረቀት ተጠቅልለው ነው የተረፉት። የዛገ መርፌ ክር ይበጥሳል፤ ክር የበጠሰ መርፌ የሸጠልህን ሰው ሁለተኛ አትጠራውም። ይህ የእንቅልፍ ጉዳይ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር።

ከአልጋው በላይ ያለውን ኮምፔንሳቶ ፈትቼ ፎሙን ሳነሣው፣ ከጀርባው ውሃ በላሜራው ላይ እንደ ዕንባ ይወርዳል። የመኪና ግድግዳ ጎባጣ ነው፤ ፎሙ ቀጥ ያለ ሉህ ነው፤ በመሃላቸው ጣት የሚያስገባ ባዶ ቦታ ቀርቷል። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ከትንፋሹና ከገላው ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ያወጣል። ያ ሁሉ እንፋሎት በስንጥቁ ገብቶ የቀዘቀዘውን ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ተደብቆም ይቀመጣል። በጥቅምት ሁለት ቀን የፈጀሁበትን ላሜራ በራሴ ትንፋሽ ላዝገው ነበር። የኅዳር 3 ሥራ በሙሉ ይፈርሳል።

ታኅሣሥ 13 እስከ 21

እህቴ ግቢ ኮተቤ ቆሜ ሠራሁ። አልሳቀችም፤ እሱ ነው የከበደኝ።

ፎሙ ወጣ። በምትኩ እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ ውሃ የማይመጥ ጥቁር ስፖንጅ በጥቅል ገዛሁ። የሚለጠፈው ሙሉ በሙሉ ነው፤ የላሜራውን ጉብጠት ተከትሎ፣ አየር ሳይቀርበት፣ መጋጠሚያው በቴፕ ታሽጎ። ከመለጠፉ በፊት ብረቱ ደርቆ፣ ተወልውሎ፣ ዝገት የነካው ቦታ ተፍቆና አንቲረስት ተቀብቶ። አራት ቀን ሙሉ ስሠራ ማስቲሹ ራሴን አዞረኝ፤ በር ከፍታችሁ ሥሩ።

ሽፋን ብቻውን ግን አይበቃም፤ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። ከአሮጌ ኮምፒውተር የነቀልኳትን የ12 ቮልት ማራገቢያ የኋላው መስኮት ላይ ወደ ውጭ እንድትተፋ አድርጌ ገጠምኩ። የፊቱ መስኮት ሁለት ጣት ተከፍቶ ያድራል። ብርዱ ይገባል? ይገባል። ለብርዱ ከደብረ ብርሃን መንገድ የገዛሁት የመንዝ ባና አለ፤ አንዱ ልብሴ፣ አንዱ ከጋቢናው ጋር መጋረጃ። ሱፍ ትንሽ ቢረጥብም ያሞቃል፤ ከውጭም ብርሃን አያሳይም።

አንድ ነገር በትልቁ ይጻፍ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጎረቤት መጥቶ "ከሰል አቀጣጥለህ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ አስገባው፤ ቤቱ ይሞቃል" አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። የሚገድለው ግን ጭሱ አይደለም። የጋመ፣ ጭስ የሌለው ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ እየመሰለ ነው የሚወስደው። እንዲህ በጠበበች ቤት ውስጥ ጊዜም አይሰጥም። ከሰል እዚህ መኪና ውስጥ አይገባም፤ ለቡናም ቢሆን። ቡና ደጅ ነው።

ጥር 10

ከተራ። ሰንዳፋ፣ ከጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ አደርኩ። ሰዉ ሁሉ ደጅ ስለሚያድር ለምን ደጅ ታድራለህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ጥር 28

መብራት። ባለ 150 ዋት ሶላር ፖርቶመጋላው ላይ፣ ጠፍጣፋ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ከአናት ብዙ አትርቅም፤ ማዘንበሉ ልፋት ነው፤ ነፋስም ይይዛል። ባትሪው ባለ 100 አምፒር፣ የአሲዱ ዓይነት። ከእሱ ግማሹን ብቻ ነው የምጠቀመው፤ ከዚያ በታች እያወረዱ ማኖር ቶሎ ይገድለዋል። አሲድ ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ ከአልጋው ሥር አይሆንም፤ ሳጥን ውስጥ አድርጌ በቱቦ ወደ ውጭ አስተነፈስኩት። ቫልቮላው ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ። ገመድ ሲፈተግ እሳት የሚነሣው በባትሪውና በቫልቮላው መካከል ባለው ክፍል ነውና አጭር ይሁን።

ሂሳብ፦ በበጋ 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብቆጥር 750 ዋት ሰዓት፤ ብክነቱን ስቀንስ ከ500 አያንስም። ወጪዬ መብራት፣ ስልክ፣ ማራገቢያዋ፣ አልፎ አልፎ የብየዳ ካውያ፤ 150 አይሞላም። ነገስኩ። አንድ ችግር ብቻ፦ ባለ ሞተር የስፌት መኪና ሲመጣ ለመሞከር የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር ያስፈልጋል፤ የፋብሪካዎቹ ሞተር 400 ዋት ይጠጣል። እሱ ሲነሣ ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ይደበዝዛል፤ እኔም እንደዚያው።

የካቲት 20

ሁዳዴ ገብቷል። ፍሪጅ ልግጠም አልግጠም የሚለው ክርክር ለ55 ቀን ተዘጋ፤ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ፍሪጅ አይጠይቁም። የምትጣደው ትንሿ ቡታጋዝ ናት፤ ደጅ ላይ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ምስር ጋዝ ይጨርሳል። ማታ ነክሬ አሳድረዋለሁ።

መጋቢት 6

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትር ከፍታው 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ እንጦጦ ጀርባ ላይ ከ3000 ሜትር የማይርቅ ከፍታ ላይ ነን፤ ያውም ሸክም ይዘን። አንድ ሲኖትራክ አልፎኝ ሄደ። ይህን ለማንም አትናገሩ።

ደግሞ ወደ ግራ ዘማለች። የኋላ ግራው ባሌስትራ ከቀኙ ሁለት ጣት ወርዷል። ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፦ ቱቦላሬው 28 ኪሎ፣ አራት ሉህ ኮምፔንሳቶ 64፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ 40፣ ባትሪው 28፣ የስፌት መኪኖችና ዕቃዎቼ 120። ድምሩ 280። ሰርቪስ እያለች ከዚህ በላይ ተማሪ ትጭን ነበር፤ ክብደቱ አይደለም ችግሩ። ውሃውም፣ ከባዱ ዕቃም በአልጋው ሥር፣ ባትሪውም በዚያው በኩል፣ ማለትም ሁሉም በግራ ነው። ውሃውንና የስፌት መኪኖቹን ወደ ቀኝ አዛወርኩ፤ ባሌስትራው ላይ አንድ ቅጠል አስጨመርኩ። ቀናች።

ሚያዝያ 3

ውሃ። ለገዳዲ፣ የግድቡን አጥር ተደግፌ ነው የቆምኩት። ከዚያ ወዲያ የአዲስ አበባ መጠጥ ውሃ ተኝቷል፤ እኔ ጀሪካን ይዤ ቦኖ ላይ ተሰልፌ 40 ደቂቃ። ከፊቴ ያለችው ልጅ "ጋሼ፣ ያቺ ቤትህ ናት?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ሽንት ቤቷስ?" አለችኝ። እንግዲህ ሁሉም ሰው መጨረሻ ላይ የሚጠይቀውን እሷ በቀጥታ ጠየቀች። መልሱ፦ የገበያ ቀን መስጊዱ ወይም ማደያው፤ ሌላ ቀን ፔንሲዮን ገብቶ ቁርስ አዝዞ። ገላ መታጠቢያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በክፍያ። በመኪና መኖር ነፃ መሆን ነው የሚል ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያነጋግረኝ።

ግንቦት 17

ማደሪያው መልክ ያዘ። አሁን ሦስት ቋሚ ቦታ አለኝ። ሰንዳፋ ያ ዘበኛው ያባረሩኝ ቦታ ነው፤ አባባ አሁን "ያ መርፌ ሻጭ መጣ" ይላሉ፤ ካፖርታቸውን ሁለት ጊዜ ጠቅሜላቸዋለሁ። ሆለታ አንድ ፔንሲዮን ግቢ፣ በማቆሚያ ሂሳብ። ሱሉልታ ወፍጮ ቤት።

የወፍጮ ቤቱ ጠዋት ሰዉ እህሉን ይዞ ሲመጣ "አካም ቡልተኒ" ይለኛል፤ እንዴት አደርክ። ሌላ ቦታ ሰላምታ ነው፤ እዚህ መልሱን ቆመው ይጠብቃሉ። ብርዱ? ጅቡ? ማራገቢያዋስ? አንዷ እናት ማታ በረደህ ብለው አንድ ቁና የተቆላ ገብስ ጥለውልኝ ሄደዋል። አዲስ ቦታ ስሄድ አሁን የምከተለው ይህን ነው፦ ቀን በብርሃን ደርሼ ሥራ ሠርቼ፣ ሰው አውቆኝ፣ ከዚያ ነው ማደሪያ የምጠይቀው። መጀመሪያ ጨለማ ተገን አድርጌ ድምፅ ሳላሰማ እቆም ነበር። እንደዚያ የቆመ መኪና ነው የሚያስፈራው።

የወፍጮው ዱቄት ግን ማራገቢያዋን ይደፍናታል። በሳምንት አንዴ በብሩሽ።

ሰኔ 19

ክረምቱ ገባ። ከአልጋው እግርጌ በኩል ጠብታ። በር መስሎኝ ጎማውን ቀየርኩ፤ አልቆመም። መስኮት መስሎኝ ሲሊኮን ቀባሁ፤ አልቆመም። መጨረሻ ላይ ሶላሩ የታሰረበት የፖርቶመጋላ ብሎን ሆኖ ተገኘ፤ ውሃው እዚያ ገብቶ በጣሪያው ጎድን ሁለት ሜትር ተጉዞ ነው እግርጌ የሚወርደው። ውሃ የሚታይበትና የሚገባበት ቦታ ለየቅል ነው። ብሎኑን ፈትቼ የጎማ ወሸርና ሲሊኮን ጨምሬ አሰርኩ። ዛሬ ሁለት ሰዓት ዘንቦ ደረቅ ነው። የቦቢን ቤቶቹም ንጹሕ ናቸው።

ሰኔ 24

ደመናው ለአምስት ቀን አልተከፈተም። የሶላሩ መቆጣጠሪያ ላይ ያነበብኩት የትናንቱ ገቢ 110 ዋት ሰዓት ነው። ለመብራትና ለማራገቢያዋ ይበቃል፤ ለ400 ዋቱ ሞተር አይበቃም። ዛሬ ባለ ሞተር ስፌት መኪና ያመጣችውን ሴት ሳልሞክርላት መለስኳት፤ ደስ አላለኝም። ሁለተኛ ሶላር ለመጨመር ፖርቶመጋላው ላይ ቦታ አለ፤ ግን የዚህ ሰማይ እጥፍም 220 ዋት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴን በብዛት ወፍጮ ቤቱ ጋ ነኝ። ባለቤቱ በወር የሚከፈል ሂሳብ ቆርጠው፣ ባለ ሞተሮቹን ከእሳቸው መስመር እንድሞክር ፈቅደዋል፤ ወፍጮው በቆመበት ሰዓት ብቻ። ከቆጣሪው እስከ በሬ ስለካው 18 ሜትር ነው። ቅዳሜ መርካቶ ስወርድ 20 ሜትር ባለ 2.5 ገመድ፣ ሶማሌ ተራ ደግሞ የኋላ በር ጎማ፤ ያኛውን ሳያስፈልግ ቀድጄዋለሁ።